አባቴ በካሬ ደብተር ላይ

ባለፈው ሳምንት የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ቀለም ይቀባ ነበር። ከሥራ ስመለስ የቀለም ማቅጠኛው፣ የአኳራጁ ሽታ ከምድር ቤት ጀምሮ ተቀበለኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ቀቢው መንገድ የዘጋብኝ መስሎት ባልዲውን አነሣና «ይለፉ እህቴ» አለኝ። እኔ ግን የቆምኩት ለማለፍ አልነበረም። ሦስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ከኅዳር እስከ ጥምቀት፣ ሰፈራችን የከረመው በዚህ ሽታ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረው፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የአባቴ ሸማ ዕቃ። አባቴ ኦርካይዶ ይባላል። ከጋሞ ደጋ በልጅነቱ መጥቶ አዲስ አበባ ያረጀ ሸማኔ ነው። ጠዋት እግሮቹን ከሸማ ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይከታል፣ ሲመሽ ያወጣል። እናቴ ደግሞ የሠራውን ነጠላና ጋቢ ሽሮ ሜዳ አንድ ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች። የእኔ ሥራ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሰም መሙላት ነበር። ቀሰም ጣት የምታክል ሸምበቆ ናት፤ ማጉን፣ አግድም የሚገባውን ክር፣ እሷ ላይ እጠመጥማለሁ፣ አባቴ መወርወሪያው ውስጥ ከትቶ ይወረውራታል። እጄ ከእጁ ቀድሞ አያውቅም። የሞላሁለት ሲያልቅ ሳያየኝ «ምሕሬ፣ ደረስኩብሽ!» ይለኛል፤ እኔም እየሳቅሁ እጣደፋለሁ።

የትምህርት ቤታችን ግንብ መንገዱን ተከትሎ ረጅም ነበር። በቀይ ቀለም «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፎበታል። ማንበብ ከመጀመሬ በፊት ጽሑፉ «እዚህ ሽኑ» የሚል ይመስለኝ ነበር፤ ወንዱ ሁሉ ቦታ መርጦ እሱው ሥር ነበር የሚቆመው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ከእንጦጦ ሲወርድ፣ በግንቡ በኩል ያሉት ክፍሎች መስኮት አይከፈትም።

በዚያ ዓመት አዲስ የሥዕል መምህርት መጣችልን፤ ቲቸር ሰናይት። ቀጭን ናት፣ ጫማዋ ላይ ሁልጊዜ ቀለም አለ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥታ የተናገረችውን እናቴ ቤት መጥታ አስመስላ ነገረችን።

«ሰው ሰው ፊት ላይ አይሸናም» አለች ቲቸር ሰናይት። «ስለዚህ ግንቡ ላይ የሰፈሩን ሰው ፊት እናድርግበት። የምስለው ግን እኔ አይደለሁም። እያንዳንዱ ሰው መስታወት ይዞ ራሱን በወረቀት ይሳል። እኔና ልጆቹ አጉልተን ግንቡ ላይ እንገለብጠዋለን።»

«መሳል የማያውቅ ሰውስ?» ብሎ አንዱ ጠየቀ።

«እሱማ ይበልጥ ያምራል» አለችው።

መጀመሪያ ተሳቀ። ከዚያ የሰፈሩ ሰው በየቤቱ መስታወት ማውረድ ጀመረ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሎ የሚሸጡት እማማ ጥሩነሽ መስታወትም አልፈለጉ። «ይሄን መልክ ዕድሜ ልኬን ተሸክሜዋለሁ፤ አላጣውም» ብለው በከሰል ራሳቸውን ሳሉ። የወለቁትን ሁለት የፊት ጥርሶቻቸውን አጥቁረው፣ አፋቸውን እስከ ጆሯቸው ከፍተው ነው የሳሉት። ባለሱቁ ጋሽ ነስሩ ደግሞ «እኛ ዘንድ ሰው መሳል አይወደድም፤ ከሰፈሩም መቅረት አልፈልግም» አሉና፣ ሚስታቸው ከኋላ ሁለተኛ መስታወት ይዘውላቸው ማጅራታቸውን ሳሉ። ነጭ ቆብ፣ ግራና ቀኝ ጆሮ፣ በቃ። «ጋሽ ነስሩ ፊት ነሡን!» እየተባለ አንድ ሳምንት ተሳቀ።

አባቴ እንቢ ብሎ ነበር። «እኔ እርሳስ ይዤ አላውቅም» አለ። እናቴ ሁለት ጊዜ ጠይቃው ተወችው። አንድ እሑድ ከሰዓት ግን፣ ሥራ በማይሠራበት ቀን፣ ጠራኝና «ያቺን የሒሳብ ደብተርሽን አምጪልኝ፤ ካሬ ያላትን» አለኝ።

መስታወቱን ሸማ ዕቃው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ያኔ ነው ሥራውን እየሠራ መሆኑ የገባኝ። ጥለት ሲያወጣ ክሩን እንደሚቆጥር፣ ፊቱንም መስታወት ውስጥ እያየ ይቆጥር ነበር፤ እኔ በማላውቀው በጋሞኛ፣ ከንፈሩ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። ከዚያ አንዱን ካሬ ያጠቁራል፣ ሁለቱን በቡናማ ይሞላል፣ ሦስቱን ባዶ ይተዋል። ሲደክመው መስታወቱን ገልብጦ ይተኛል። ሦስት እሑድ ፈጀበት።

ሲጨርስ አሳየኝ። ካሬ ብቻ ነው የታየኝ። «አባዬ፣ ይሄ አንተ ነህ?»

«ራቅ በይ» አለኝ።

አንድ እርምጃ ራቅሁ። «ጨምሪ።» ጀርባዬ በሩን እስኪነካ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከዚያ ድንገት አባቴ ወረቀቱ ላይ ነበር። የጉንጩ አጥንት፣ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ሰው ሲያየው ዝቅ የሚያደርጋቸው ዓይኖቹ፣ ሁሉም። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ አፍሮ ሳቀ። እኔ ግን ብርድ ብርድ አለኝ።

ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። በክረምቱ የጎረቤታችን የሰላም አባት ሞተው ነበር። ሰላም ጓደኛዬ ናት። የአባቷን ጉርድ ፎቶ መታወቂያቸው ላይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። በለቅሶው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ያ ፎቶ የበር ግማሽ አክሎ፣ ጥቁር ጨርቅ ተጠምጥሞበት፣ ሴቶች አቅፈውት እያለቀሱ አየሁት። ወዲያው አንድ ነገር ገባኝ፤ ማለቴ የገባኝ መሰለኝ። ፎቶው ትንሽ የሆነ ሰው ይኖራል፤ ፎቶው ሲተልቅ ይሞታል። ሰላምን ጠይቄ ማረጋገጥ አልቻልኩም፤ ስለ አባቷ ስናነሣ ታለቅሳለች። እና አሁን ቲቸር ሰናይት የሰፈሩን ሰው ሁሉ ፊት አጉልታ ግንብ ላይ ልታወጣ ነው። አባቴ ደግሞ ኅዳር ሲገባ በጥጡ ብናኝ ያስለዋል። ጋሽ ነስሩን ብልጥ አልኳቸው። ሞት ቢመጣ ፊታቸውን አያገኘውም።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ወረቀቱን በቁራጭ ሸማ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «እንዳይታጠፍ» አለ። ቀኑን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። ቲቸር ሰናይት ወረቀት ስትሰበስብ እኔ ጋ ደረሰችና «የአባትሽስ ምሕረት?» አለችኝ።

«አልሳለም» አልኩ።

ልቀደው አልቻልኩም፤ ብቀደው ደግሞ ምን እንደሚያመጣበት አላውቅም። ቤት ስገባ ማንም አልነበረም። ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ግድግዳችን ላይ ከተሰቀለው የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ጀርባ ሰካሁት። ገብርኤል ሰይፍ ይዟል፤ ከእሱ የተሻለ ጠባቂ አላገኘሁም።

ኅዳርን ሙሉ ግንቡን ስንቀባ ከረምን። ቲቸር ሰናይት በኖራ ትላልቅ ካሬ ታሰምርልናለች፣ እኛ የማዳበሪያ ጆንያ እንደ ሽርጥ ታጥቀን እንሞላለን። ቀለሙ ከጣታችን በሳሙና አይለቅም፤ በአኳራጅ ጨርቅ ስትጠርግልን ይለበልበናል። እኔ የጋሽ ነስሩን ቆብ በደስታ ቀባሁ። የእማማ ጥሩነሽን ዓይን ቀቢ ስባል ግን «እጄን አሞኛል» ብዬ ሸሸሁ። እማማ ጥሩነሽ ራሳቸው ከቆሏቸው ጀርባ ሆነው «አፌን አታጥብቡብኝ!» እያሉ ያዝዙን ነበር። ቀኑን ቆጥሬ አየሁ፤ ፊታቸው ካለቀ ሳምንት ሆኖታል፣ አሁንም ቆሎ ይሰፍራሉ። ገና ይሆናል አልኩ።

ግንቡ አለቀ የተባለ እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያው ፈሰሰ። አባቴ ለበዓል ብቻ የሚለብሰውን ጋቢ ለብሶ እጄን ይዞኝ ሄደ። ከላይኛው ጫፍ ጀመረ። እያንዳንዱን ፊት ቆሞ አየ። ታችኛው ጫፍ ስንደርስ ዞረና እንደገና ወደ ላይ ተመለሰ፣ አሁን ፈጠን ብሎ። ቲቸር ሰናይት በወዲያ በኩል ከወረዳ የመጡ እንግዶች ከብበዋት ነበር። አባቴ ማንንም አልጠየቀም። «ቆንጆ ሠርተዋል» አለ ለማንም ሳይሆን፣ ወደ ቤት ተመለስን።

ከሰዓት ለሰኞ ቀሰም እየሞላሁ፣ ሁለቱን ክፍል በሚለየው መጋረጃ በኩል ሰማኋቸው።

«ሂድና ጠይቃት እንጂ» ትላለች እናቴ። «ጠፍቶባት ይሆናል።»

«የሁሉ ሰው ተገኝቶ የእኔ ብቻ ጠፋ?»

«ታዲያ ምን ልትል ነው?»

አባቴ እንዲህ አላት። «ገና እንደመጣሁ የምሠራበት ቤት ሴትዮዋ ውኃ በጣሳ ትሰጠኝ ነበር። ጣሳው የእኔ ብቻ ነው፣ ውጭ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ልጆቿ በብርጭቆ ይጠጣሉ። አራት ዓመት ስኖር ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። መልሱን አውቀዋለሁ። ይሄንንም አልጠይቅም።»

መጀመሪያ ለራሱ ብቻ ጣሳ ስለነበረው ዕድለኛ መሰለኝ፤ እኔ ለራሴ ብቻ የሆነ ነገር አልነበረኝም። ከዚያ እናቴ ስታለቅስ ሰማሁ። የምታለቅስበት ነገር ከሆነ ጣሳው ጥሩ ነገር አልነበረም ማለት ነው። አባቴ ግንቡ ላይ የሌለው ሸማኔ ስለሆነ መስሎታል። ቀሰሟ ከእጄ አምልጣ ማጉን እየበተነች ወለሉ ላይ ተንከባለለች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ረጅም ነበሩ። አባቴ ይሠራል፣ ግን «ደረስኩብሽ» አይለኝም። የሞላሁት ቀሰም ተርፎ ይከመራል። ሐሙስ ዕለት መቻል አቃተኝና ወንበር ስቤ ወጣሁ፣ ገብርኤልን አወረድኩት፣ የተጠቀለለውን ይዤ አባቴ ፊት ቆምኩ።

መወርወሪያውን አስቀመጠ። ጥቅሉን ፈትቶ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «አንቺ ነሽ?»

«እንዳትሞትብኝ ነው» አልኩና ልቅሶዬን ለቀቅሁት። የሰላምን አባት፣ ፎቶውን፣ ጥቁሩን ጨርቅ፣ ሁሉንም እያነባሁ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። አባቴ ከጉድጓዱ እግሩን አወጣ። በሥራ ሰዓት ሲያወጣ አይቼው አላውቅም። አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋሽ ነስሩ ግንቡ ላይ አሉ አይደል?»

«ፊታቸው የለም።»

«እሺ፤ እማማ ጥሩነሽስ? ሞቱ?»

«አልሞቱም።» አፍንጫዬን ጠረግሁ። «ገና ነው።»

ሳቁን ሲውጠው አየሁ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወረቀቱን መልሶ ጠቀለለ። «እንግዲያው አንቺ እስክታምኚ ይቆይ። እዚያው ገብርኤል ጋ መልሽው» አለኝ። ለእናቴ ማታ ሲነግራት፣ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ሳቅ ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የተሠራውን ሸማ ይዘን ሽሮ ሜዳ ስንወጣ በግንቡ በኩል መሄድ ልማዳችን ሆነ። አባቴ ወደ አንዱ ፊት ያመለክታል፣ እኔ እመልሳለሁ። «ልብስ ሰፊው?» «ትናንት አይቼዋለሁ፣ አለ።» «የሰላም እናት?» «አሉ።» «ቲቸር ሰናይት?» «አለች፣ የቤት ሥራ ሰጠችን።» እንዲህ እያልን ሰፈሩን በሙሉ እንቆጥር ነበር። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ልቤ እየተመለሰ ነበር።

በታኅሣሥ መጨረሻ እማማ ጥሩነሽ ሞቱ።

ጠዋት ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ፣ ስማቸው ሲጠራ ሰማሁ። ሮጬ አባቴ ላይ ተጠመጠምኩ። «አላልኩህም? አላልኩህም?» አባቴ ፊቴን አጥቦ፣ ነጠላዬን አልብሶ ለቅሶ ቤት ይዞኝ ሄደ።

ድንኳኑ ውስጥ ትልቁን ፎቶ በዓይኔ ፈለግሁ። የለም። እማማ ጥሩነሽ ፎቶ አልነበራቸውም። የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው ደብዝዞ ነጭ ሆኗል። ልጃቸው፣ ከእናቴ ትንሽ የምትበልጥ ሴት፣ «መልኳን እንኳ አላስቀረሁ» እያለች ደረቷን ትመታለች።

ከቀብር መልስ ሰዉ በትምህርት ቤቱ በኩል ወረደ። ማን ቀድሞ እንደቆመ አላስታውስም። ሴቶቹ ግንቡ ሥር ቆሙ፣ ልጃቸው ወደ ፊት ወጣች። እናቷን ቀና ብላ አየች፤ አፉ እስከ ጆሮ የተከፈተ፣ ሁለቱ ጥርስ የጠቆረ። እጇን ዘርግታ የጠቆረችውን ጥርስ ነካች። «እዩዋት! አልደበቀችውም እኮ!» አለችና በእንባዋ መሀል ሳቋ አመለጣት። ከኋላዋ የነበሩትም እንደዚያው ሳቁ፣ ከዚያ ይበልጥ አለቀሱ። ቲቸር ሰናይት በሩ ጋ ቆማ ነበር። ሴትየዋ ወደ እሷ ዞረች።

«ይሄ አይጠፋም አይደል እህቴ?»

«የዘይት ቀለም ነው» አለች ቲቸር ሰናይት። «ዝናብ አይበግረውም።»

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴን ጠየቅሁት። «እማማን ግንቡ ነው የገደላቸው?»

«ልባቸው ታሞ ነበር፤ ከመስቀል በፊት ጀምሮ።»

«ባይሳሉስ ኖሮ?»

«ያኔም ይሞቱ ነበር።» ትንሽ ሄደና፣ «ልጃቸው ግን ዛሬ የምታየው አይኖራትም ነበር» አለ።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ሦስተኛው ቀን ማንም ሳያዘኝ ወንበር ስቤ ወጣሁ።

ቲቸር ሰናይት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ደብተር ታርም ነበር። «አባቴ ስሎ ነበር፤ የደበቅሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጥቅሉን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ። ፈታችው። ግንባሯን ቋጠረች። «ከሩቅ ነው የሚታየው» አልኳት። ሰሌዳው ላይ አስደገፈችውና በዴስኮቹ መሀል ወደ ኋላ ሄደች። መጨረሻው ረድፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ማን አስተማራቸው?»

«ማንም። ጥለት ነው የሚሠራው።»

ግንቡ ሞልቶ ነበር፤ የቀረው የበሩ ምሰሶ ብቻ ነው፣ ከግንቡ ከፍ ያለ፣ ጠባብ፣ የሚገባውም የሚወጣውም የሚያየው። «እኛ ብንገለብጠው ቆጠራውን እንስተዋለን» አለችኝ። «አባትሽ ቅዳሜ ይምጡልኝ።»

አባቴ ቅዳሜ ጋቢውን ለብሶ መጣ። የትምህርት ቤቱን በር ሲያልፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። ቲቸር ሰናይት ወንበር አወጣችለት። «አቶ ኦርካይዶ፣ እርስዎ ይቁጠሩልን፣ እኛ እንቀባለን።» አባቴ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጀመረ። «ሁለት ጥቁር። አንድ ቡናማ። አራት ነጭ፤ አይ፣ አራት አልኩ፣ አምስት አልቀባሽም?» መሰላል ላይ ሆኜ መስመር ስስት ሲያየኝ፣ ቤት እንደሚቆጣኝ ተቆጣኝ። ቲቸር ሰናይትንም አንድ ጊዜ ተቆጣት፤ ይቅርታ ጠይቃ አስተካከለች። ምሰሶው ስለጠበበ አንገቱ አልገባም። አገጩ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች።

ሲያልቅ መንገዱን ተሻግረን ከወዲያ ማዶ ቆምን። ሚኒባስ ሲያልፍ ይሰወራል፣ ሲያልፍ ደግሞ ይመጣል። ከእንጦጦ ማርያም የወረደች፣ የጸበል ጀሪካን የያዘች፣ ሐር ጥለት ነጠላ የለበሰች ትልቅ ሴት አጠገባችን ቆመች። ምሰሶውን አየች። ዞራ አባቴን አየች። እንደገና ምሰሶውን አየች።

«ይሄ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

አባቴ እንዲህ ያለ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ሰበር አድርጎ ማለፍ ነበር ልማዱ። እኔም ሊሄድ መስሎኝ እጁን ያዝኩ። አልሄደም።

«አዎ፤ እኔ ነኝ» አለ። «ሸማኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እንዴት ያለ ጥበብ ነው!» አለች። አባቴ ትከሻዬን ይዞ ወደ ፊት ገፋ አደረገኝ፤ እስከ ክንዴ በቀለም የተለወስኩትን።

«የቀባችው ልጄ ናት» አላት።